የማሩን መኪና በዝናብ የነዳሁ ዕለት

ባለፈው ሰኔ ገንዳ ውሃ ላይ ከመናኸሪያው ወደ ቤት በባጃጅ ስንሄድ ዝናብ ጣለ። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነበር፤ ጠብታው ትልልቅ፣ አቧራውን የሚያስነሳ እንጂ የሚያበርድ የማይመስል። ባጃጁ ወደ ገበያው ሲታጠፍ ከኋላው ሸርተት አለና ተመልሶ ቀና። ሾፌሩ ሳቀ። አጠገቤ የነበረችው ልጄ ክንዴን ጨበጠች። እኔ ቀኝ እግሬን አየሁት። ከባጃጁ ወለል ላይ ቀስ ብሎ ተነሥቷል፤ የሌለ ነዳጅ መስጫ እየለቀቀ።

«ምነው እማ?» አለች ልጄ።

«ምንም» አልኳት።

ምንም ማለቴ እውነቴን ነው። ያን ዕለት ሳስታውስ ሆዴ አይባባም፣ ዓይኔም እንባ አያቀርርም። የሚመጣልኝ የመንገዱ መልክ፣ የሞተሩ ድምፅና የእርጥብ ሸራ ሽታ ነው።

የመተማው አስፋልት ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ግማሽ ጸጉሬ ነጭ ሆኗል፤ ያኔ ግን ሃያዎቹን የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ ማሩ መተማ ዮሐንስ ላይ ጋራዥ ነበረው። ጋራዥ ልበለው እንጂ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከቆሙ እንጨቶች በቀር ግድግዳ እንኳ የለውም። የአካባቢው ትራክተር ሁሉ ሲታመም ወደሱ ነው የሚጎተተው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ከአይከል ወደሱ ወርጄ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከጋራዡ ጀርባ ባለች ክፍል አብረን እንኖር ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ኡስማን የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ከጋራዡ ጋር በአንድ ጥላ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ፉል እያዘዙ ማሩንም እኔንም ይጠሩን ነበር።

መኪናዋ የመጣችው ከድንበሩ ወዲያ፣ ከገዳሪፍ ነው። የአንድ የጥጥ ገበሬ የወጣትነት መኪና ነበረች። ሰውየው ሲሞት ልጆቹ ትራክተሮቻቸውን ላዳነላቸው መካኒክ «ውሰዳት፣ እኛ ምን እናደርጋታለን» አሉት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ የስፖርት መኪና ናት። ከእኔ ዕድሜ ትበልጣለች። ድሮ ቀይ ነበረች ይላሉ፤ እኔ ሳውቃት ፀሐይ በልቷት የጡብ መልክ ይዛለች። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ከስፌቱ ላይ ያፈሳል። በዚያ ሁሉ ትራክተርና የጭነት መኪና መሐል ቆማ ሲያያት፣ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ያያታል።

እናታችን ግን አልሳቀችም። እማዬ አይከል ላይ፣ ከመተማ በኩል ሲገባ ከከተማው መግቢያ፣ ምግብ ቤት ነበራት። ከቆላ የሚወጡ ሾፌሮች ላባቸው ሳይደርቅ የደጋው ብርድ ሲመታቸው እሷ ቤት ገብተው ትኩስ ሽሮ፣ ፍስክ ከሆነ ቅቅል ይበላሉ። «እትዬ ጥሩነሽ ቤት» የማያውቅ የዚያ መንገድ ሾፌር አልነበረም። ማሩ መኪናዋን መጀመሪያ ሲያሳያት በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ይኼ መኪና ነው ጫማ?» አለችው።

ቀጥላም አስማለችው። በዝናብ አይነዳትም። እሱም ማለ፤ ግን በክረምቱ ሁሉ ነዳት። ሞተሯ ሌላ መኪና የማይሰጠው ወፍራም ድምፅ ነበረው፤ መኪናዋ ገና ከኩርባው ሥር ሳለች እማዬ ለይታ «መጣ» ትል ነበር። ዝናብ በጣለ ቀን ያን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።

መንዳት ያስተማረኝ ማሩ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ኡስማንም ለጁምዓ ሱቃቸውን ሲዘጉ፣ ወደ ኮኪት በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ይወስደኛል። ሌላው መኪና ይቅር ባይ ነው፣ ይቺ ግን ይቅር አትልም ይለኝ ነበር። የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ስለሆነ፣ እርጥብ መንገድ ላይ ነዳጅ በድንገት ከሰጧት ጭራዋ ይቀድማል። ጎማዎቿም ያረጁ ናቸው፤ ለሷ የሚሆን ልክ እዚህ አገር አይገኝም። ስለዚህ ሆን ብሎ በዝናብ ያለማምደኝ ጀመር።

«ቀጥ ባለው ላይ ቀንሺ» ይላል። «ኩርባ ከገባሽ በኋላ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። እግርሽን ከነዳጁም ላይ ቢሆን ቀስ አድርገሽ አንሺ፤ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅሺ አድርገሽ።»

«ውሃ የተኛበት ከሆነስ?»

«ሳትደርሺበት ቀንሺ። ከገባሽ በኋላ ምንም አትንኪ። ውሃው ጎማውን ካነሣው መሪው ይቀልሻል። ሲከብድሽ አትፍሪ፤ ሲቀልሽ ነው መፍራት። ካለፍሽ በኋላ ደግሞ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂው፤ እርጥብ ፍሬን አይይዝም።»

ይህን ሁሉ ሲል ይበላል። ማሩ ሲያስተምር ይበላ ነበር፤ ተምር፣ ለውዝ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ያገኘውን። ፍሬውን በመስኮት እየወረወረ፣ እግሩን የመኪናዋ አፍንጫ ድረስ ዘርግቶ፣ የእኔን እግር ብቻ ያያል። መንገዱን አያይም ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ቅዳሜ ዕለት ትኩሳት ያዘው። ሁሉም ሰው ወባ ይይዘዋል፤ እሱም ስንት ጊዜ ይዞት ተነሥቷል። እሑድ መለፍለፍ ጀመረ። ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ መድኃኒትም ተደረገለት። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል አሉን። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሞተ።

የቆላ ሬሳ አይቆይም። ረፋዱ ላይ ተቀበረ። ከቀብሩ የማስታውሰው የቆፋሪውን ቦቲ ጫማ ነው። ዋልካ አፈሩ እየተደራረበበት ከልኩ በላይ አብጦ ነበር፤ ሰውየው በየጊዜው በአካፋው ጠርዝ ይፍቀዋል። እሱን እያየሁ ቆየሁ። ሴቶች ይጮኻሉ። አንዷ አቅፋኝ ታለቅሳለች፤ እንባዋ በአንገቴ ሲወርድ ሞቀኝ። «ይሞቃል» ብዬ አሰብኩ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ጋሽ ኡስማን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ይጠብቁኝ ነበር። ነጭ ጀለቢያቸው ከጉልበታቸው በታች በጭቃ ጠቁሯል።

«ብርቄ፣ ልጄ» አሉኝ። «በላይ ሄዷል።»

በላይ የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ነው። ከሱዳን የሚገባውን ቤንዚን ወደ ጎንደር ያመላልሳል። ማሩ ነበር ሞተሩን የሚሠራለት። ቀብሩ ላይ ሲነፋረቅ ሰዎች ደግፈውት ነበር፤ አፈሩ ሳይመለስ ተነሥቶ ወጣ።

«ይሂድ» አልኩ።

«የት ነው የሚበላው?» አሉኝ ጋሽ ኡስማን። «እናትሽ ቤት ሳይበላ አልፎ ያውቃል? በላይ ክፉ ሰው አይደለም፣ አፉም አያወጣው ይሆናል። ፊቱ ግን ይነግራታል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ንጋት ላይ ሰውየው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነገረው። እማዬ ሽሮ እየጨለፈች፣ እንግዳ በሞላበት ቤት፣ ከአንድ ሾፌር ፊት ላይ አንብባ ልትሰማው ነው። ለበላይ ስልክ ደወልን። ከከተማው ከወጡ በኋላ ኔትወርክ የለም። እማዬም፣ አይከል ያለው አጎቴም ስልክ አልነበራቸውም። የጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል።

ዞሬ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ቁልፉ ሁልጊዜ የሚሰቀልበት ምስማር ላይ ነበር። ጋሽ ኡስማን ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ከበረንዳው ላይ የእህል መሸፈኛ ላስቲክ ገፈው መጡና በሚያፈሰው ሸራ ላይ አለበሱት፤ ጫፍና ጫፉን በሲባጎ አሰሩ። አብረውኝ ሊሄዱ ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር። እጥፍጥፍ ብለው ገቡ፤ ጉልበታቸው ከአገጫቸው ደረሰ።

«እርስዎ ይቅሩ፣ ጋሼ። መንገዱ ጥሩ አይደለም።»

«እኔ ጎረቤቱ ነኝ» አሉ። «ንጂ።»

እስከ ኮኪት ዝናቡ ካፊያ ነበር። ግራና ቀኙ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ሰሊጡ ከጉልበት በታች፣ ማሽላው ቅጠሉን የዘረጋ። አራሚዎች ላስቲክ ተከናንበው በየማሳው ውስጥ ጎንበስ ብለዋል። ከማሳ የሚወጡ ትራክተሮች ጎማቸው ላይ የያዙትን ዋልካ አስፋልቱ ላይ እየጣሉት ይሄዳሉ፤ ዝናብ ሲነካው ቅባት ነው። በዚያ ላይ ስደርስ ቀነስኩ። እጄ ራሱ ያውቃል። ከፊቴ የሄደ መኪና ጭቃውን የጠረገበትን ዱካ ይዤ አለፍኩ። ጋሽ ኡስማን አፋቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለማሩ ይሁን ለእኛ ሲጸልዩ አላውቅም።

ገንዳ ውሃ ማደያው ጋ አቁመን ጠየቅን።

«የበላይ ቦቴ? አሁን ነው ያለፈው» አለን ቀጂው። ከዚያ መኪናዋን አየና ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። «ማሩስ?»

«የለም» አልኩት። መስታወቱን ዘጋሁ።

ከገንዳ ውሃ ድልድይ በኋላ ዝናቡ ወረደ። የቆላ ዝናብ ሲወርድ መንገዱም ሰማዩም አንድ ቀለም ነው። የዝናብ መጥረጊያዋ አንደኛው ብቻ ይሠራ ነበር፤ እሱም ደክሞት አንድ ጊዜ ይመጣና ቆይቶ ይመለሳል። መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሻችን ይደበዝዛል። ጋሽ ኡስማን በሻሻቸው ጫፍ ይወለውሉልኛል። ላስቲኩ ከጣሪያው ላይ ይንጣጣል። ውሃው ግን ከስፌቱ መንገድ አላጣም፤ በግራ ትከሻዬ ላይ ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል። ይቀዘቅዛል። አልነካሁትም።

የወህኒን ከተማ ሳልፍ ከፊቴ ቀያይ መብራት አየሁ። ቦቴው ነው።

ማለፍ ወይም ማስቆም ነበረብኝ። ተጠጋሁ። ከጎማዎቹ የሚነሣው ውሃ መስታወቴን ሞላው፤ ከነጭ በቀር ምንም አይታይም። ክላክስ አደረግሁ። መብራት አበራሁ። ቦቴው ከፍ ያለ ነው፣ እኛ ደግሞ ከሱ ጭስ ማውጫ በታች ነን፤ ሊያየን አይችልም። እንደገና ክላክስ። ማሩ ቢሆን ምን እንደሚለኝ አውቅ ነበር። ወደ ኋላ ቅሪ፣ ውሃው መስታወትሽ ላይ እስከማይደርስ ድረስ ራቂ ይል ነበር። ማወቄ ግን ከእግሬ ጋር አልተገናኘም። ሰው ልቡ ሲመታ ይጠነቀቃል። የእኔ ልብ አይመታም ነበር፤ ወይም አልሰማሁትም።

ወደ ግራ ወጣሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ።

ቦቴውን ግማሽ ድረስ ተስተካክዬዋለሁ። መንገዱ ጎድጎድ ያለበት ጋ ውሃ ተኝቷል። አየሁት። መሪው እጄ ላይ ቀለለ።

እንዴት እንደቀለለ እስከ ዛሬ ልነግር እችላለሁ። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ የነካሁት ነገር ሁሉ እንደዚያው ነበር፤ የአፈሩ ጭብጥ፣ የሴትየዋ ክንድ፣ ቁልፉ። የመኪናዋ ጭራ በቀኝ በኩል መጣ። ማሽላው በመስታወቱ አለፈ፣ መንገዱ አለፈ፣ የቦቴው ጀርባ ሲርቅ ታየ፣ እንደገና ማሽላ። ፍሬን አልረገጥኩም። ጥበብ ሆኖ አይደለም፤ ምንም ማድረግ አልመጣልኝም። ዞራ ዞራ ቆመች። አፍንጫዋ ወደ መጣንበት፣ ወደ መተማ ነበር። የኋላ ጎማዋ ከቦዩ አፋፍ ላይ።

ሞተሩ ጠፍቷል። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

ጋሽ ኡስማን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ።

«ተመታሽ?» አሉኝ።

«አልተመታሁም። እርስዎስ?»

«ደህና ነኝ።» እኔ ወዲያው እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። እሳቸውም አዩት። «ፈርተሻል?» አሉ።

«አልፈራሁም።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ስሚኝ ብርቄ። ቦቴው ይቅደም። ይንገራት፣ ትስማ፤ እኛ ደርሰን እናለቅሳለን። ሁለት መርዶ ግን አላደርስላትም። ከዚህ ወዲያ ማሩ እንዳስተማረሽ ንጂ፤ ካልሆነ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ።»

የእውነት እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ነበር። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ይወርዱ ነበር።

መኪናዋን አስነሣሁ። ጎማዋን ቀስ አድርጌ ከአፋፉ አላቅቄ አዞርኳት። ከዚያ በኋላ እንደ ተማሪ ነዳሁ። ቀጥ ባለው ቀንሼ፣ ኩርባውን ምንም ሳልነካ፣ ውሃ ካለፍኩ በኋላ ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረግሁ። በማይሰማኝ ፍርሃት ፋንታ እሱ ያለኝን አንድ በአንድ ማድረግ ነበረብኝ። የጭነት መኪና ሲመጣ ጠርዝ ይዤ አሳለፍኩ። የቦቴው መብራት ከጠፋብን ቆይቷል። ጋሽ ኡስማን ከኪሳቸው ተምር አውጥተው ሰጡኝ። አኘክሁት። ጣፋጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልጣፈጠኝም።

ነጋዴ ባህር ስንደርስ ዝናቡ ቀለል ብሏል። ከዚያ ወዲያ የአይከል ዳገት ነው፤ ጉሙ እስከ ግርጌው ወርዷል። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ ቦቴው ቆሟል።

በላይ ውጭ ነበር። ሻይ ቤት አልገባም። የቦቴውን ጎማ ተደግፎ፣ ራሱን ሳይሸፍን፣ ውሃው ከጸጉሩ እየወረደ ቆሟል። የማሩን መኪና ሲያይ ክው አለ፤ ማን እየነዳት የመጣ መስሎት እንደሆነ እንጃ። ስወርድ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?» አሉት ጋሽ ኡስማን።

«እዚሁ ነው የማድረው።»

«ለምን? ገና ቀን ነው።»

«በየት በኩል ልለፍ?» አለ በላይ። «ሌላ መንገድ የለም። ብቆም ‹ልጄ እንዴት ነው?› ትለኛለች። ሳልቆም ባልፍ ደግሞ ‹በላይ ምን ነካው?› ትላለች። ማለፍ አቃተኝ። እናንተ እስክትነግሯት እዚሁ እቆያለሁ።»

ሮጠን ልንቀድመው የሞከርነው ሰው ቆሞ እየጠበቀን ኖሯል። ጋሽ ኡስማን አቀፉት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ የመኪናዋን በር ይዤ ቆምኩ፤ በበሩ ማጠፊያ ላይ ዝገት አይቼ «ቅባት ያስፈልገዋል» አልኩ በልቤ።

የመኪናዋ ድምፅ አይከል ላይ መሰማት ስለሌለበት ከበላይ ዘንድ ተውናት። ወደ ጎንደር በሚወጣ የጭነት መኪና ተሳፍረን ከአይከል መግቢያ በፊት ወረድንና ታች ሰፈር ያለው አጎቴ ቤት አደርን። ዘመድ ተጠራ። ሊነጋጋ ሲል እማዬ ደጅ ደረስን። የደጋው ብርድ ይቆነጥጣል። እሷ በሩን ከፍታ አጎቴን አየች፣ ቄሱን አየች፣ ጋሽ ኡስማንን ስታይ እጇ ከመዝጊያው ላይ ወረደ።

«መኪናዋ ናት» አለች። «በዝናብ ነድቷት ነው።»

«አይደለም፣ እትዬ ጥሩነሽ» አሉ ጋሽ ኡስማን። «አልጋው ላይ ነው። ትኩሳት ነው።»

«መኪናዋ አይደለችም?»

«አይደለችም።»

ግራ ተጋባች። ያን ሁሉ ክረምት ከአንድ በኩል የሚመጣባትን ስትጠብቅ በሌላ በኩል እንደመጣባት ሰው ወደኔ ዞረች። «ብርቄ፣ እውነት ነው? ዝናቡ አይደለም?»

«ዝናቡ አይደለም፣ እማዬ።»

ያን ጊዜ ጮኸች።

ለቅሶው ላይ ሴቶች ስለ እኔ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። «ደርቃለች» ይላሉ። «አልቅሺ፣ ይወጣልሻል» እያሉ ትከሻዬን ያሻሹኛል። እንግዳ አስተናገድኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ወንበር አደረስኩ። ከሰልስት በኋላ ወርጄ መኪናዋን ከነጋዴ ባህር አመጣኋት፤ ፀሐይ ወጥቶ መንገዱ ደርቆ ነበር። ምግብ ቤቱ ጓሮ ቆመች። ለዓመታት ቆማ፣ ዶሮ እንቁላል ሲጥልባት ኖራ፣ በመጨረሻ ቆራሌ ወሰዳት። ስትሄድም አላለቀስኩም። ሰው ብርቱ ይለኝ ነበር። እናቷን ያቆመች፣ በዚያ ዝናብ ነድታ መርዶ ያደረሰች እያለ ያወራልኝ ነበር፤ አሁንም የሚያወሩ አሉ።

ጋሽ ኡስማን አርፈዋል። እማዬም ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈች። ቀብሯ ላይ በላይ በምርኩዝ መጣ፤ ሾፌርነቱን ከተወ ቆይቷል። አጠገቤ ተቀመጠ፤ ብዙ አላወራንም። እንደዚያኛው ቀን ሲያለቅስ አየሁት፤ ለእናቴ፣ የሱ ላልሆነች ሴት። እኔም ያን ዕለት አለቀስኩ። ለእማዬ መሆኑን እርግጠኛ ነበርኩ፤ መሐል ላይ ግን የማሩን ስም ስጠራ ራሴን ሰማሁ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ከዚያ ጉዞ ሁሉ የምቀናው በበላይ ነው። እኔ እህቱ ሆኜ እየነዳሁ ማለፍ ችያለሁ። እሱ ግን ባዕድ ሆኖ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ራሱን ሳይሸፍን ዝናብ ላይ ቆመ፣ ማለፍም አቃተው። ሐዘን ያን ዕለት የደረሰው እሱ ጋ ነበር። እኔ ጋ እስኪደርስ ይህን ሁሉ ዓመት ወስዷል፤ አሁንም ሁሉም የመጣ አይመስለኝም።